ከሰርቨሩ ወጥቶ የሚያድር ቅጂ

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል፣ በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ውስጥ ከሁለት የሙያ ባልደረቦች ጋር ቆሜ ነበር። ባልደረቦቹ የመጡት ከአንድ የልማት ጽሕፈት ቤት ሲሆን ስሙን መጥቀስ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰርቨር ከውጭ ሲታይ አንዳች ጉድለት የለበትም። መብራቱ ይበራል፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ በውስጡ ያሉት ሁለት ሃርድ ዲስኮችም ጤነኞች ናቸው። ፋይሎቹ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስማቸው ተለውጦ፣ ይዘታቸው ተቆልፎ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ አጭር መልእክት ብቻ ተትቶባቸው ተገኙ።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ እኅታችን አልደነገጠችም። «መጠባበቂያ እኮ አለን» ብላ ከቦርሳዋ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ አወጣች። ባለሙያው ዲስኩን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ከፈተውና ጥቂት ዝም አለ። በዚያም ላይ ያለው ሁሉ እንደዚያው ተቆልፏል።

«እኅቴ፣ ይህ ዲስክ ከሰርቨሩ የሚነቀለው መቼ መቼ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«ኧረ ተነቅሎ አያውቅም! ዛሬ ወደዚህ ስንመጣ ነው የነቀልነው። እንዳይጠፋብን ብለን ከሰርቨሩ ጋር በገመድ አስረነው ነበር» አለችው።

በዚያ ሰርቨር ላይ የነበረው የወላጅ አልባ ሕፃናትና የአረጋውያን ተረጂዎች ስም ዝርዝር፣ የእያንዳንዳቸው የድጋፍ ታሪክ፣ የሦስት ዓመት የክፍያ ሰነድ እንዲሁም ለለጋሾች የሚላኩ ሪፖርቶች ነበሩ። የዚያ ሩብ ዓመት ድጋፍ ዘገየ። ሠራተኞቹ በየወረዳው በካርቶን ተከምረው የነበሩ የወረቀት ቅጾችን እያሰባሰቡ ስሞቹን አንድ በአንድ እንደገና ጻፉ። ከቅጾቹ ከፊሉን ምስጥ በልቶት ነበር። ወረቀቱ የጠፋበት ተረጂ ዳግመኛ ለመመዝገብ ከቀበሌ ማስረጃ አምጣ መባሉ አልቀረም፤ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ ቢሆን እንኳ።

ይህ ጽሕፈት ቤት ቸልተኛ አልነበረም። በሰርቨሩ ውስጥ ሁለት ዲስኮች እርስ በርሳቸው እንዲገለባበጡ አድርጎ ነበር፤ ሦስተኛ ዲስክም ገዝቶ ነበር። በቁጥር ሦስት ቅጂ ነበረው ማለት ነው። ሦስቱም ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ ማሽን ጋር የተያያዙ በመሆናቸው አንዱን ያገኘ ጉዳት ሁሉንም አገኘ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው፤ መጠባበቂያ ቅጂን ከሰርቨሩ ለይቶ ማውጣት፣ ለዚህም ሰርቨሩ ሳይጠፋ የሚነቀሉና የሚተከሉ ሃርድ ዲስኮችን መጠቀም። ባለሙያዎች ይህን አሠራር «ሆት ስዋፕ» ይሉታል።

በቅድሚያ በየጽሕፈት ቤቱ የሚያጋጥመኝን አንድ ስሕተት ላንሣ። ሁለት ዲስኮችን እንደ መስታወት አጋጥሞ አንዱ የሌላውን መልክ እንዲይዝ ማድረግ፣ «ሬይድ አንድ» የሚባለው፣ ጥሩ ነገር ነው። አንደኛው ዲስክ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ ሠራተኛውም ምንም ሳያውቅ ይውላል። ነገር ግን መስታወት ፊት ለፊቱ የቆመውን ሁሉ ያሳያል እንጂ መልካሙን ከክፉው አይለይም። ሠራተኛ በስሕተት አንድ ፎልደር ቢያጠፋ በዚያችው ቅጽበት ከሁለቱም ይጠፋል። ቫይረስ ፋይሉን ቢቆልፈው በሁለቱም ላይ ይቆለፋል። ሬይድ የዲስክን ሞት ይከላከላል፤ የሰውን ስሕተት፣ የሌባን እጅና የእሳትን ቃጠሎ ግን አይከላከልም። ስለዚህ «ሬይድ ስላለን መጠባበቂያ አያስፈልገንም» ማለት፣ ዲያቆኑ ሁለት መቋሚያ ስለያዘ ጸናጽል አያስፈልገውም እንደ ማለት ነው።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን አጥቅቷል፤ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሆስፒታሎችም ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰው ነበር። የዚህ ዓይነት ቫይረስ ጠባይ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘውንና ሊደርስበት የሚችለውን ዲስክ ሁሉ መፈለግ ነው። ተነቅሎ በካዝና ውስጥ ወደተቀመጠ ዲስክ የሚደርስበት ገመድ ግን የለውም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። በተለመደው የቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ሃርድ ዲስክ በብሎን ታስሮ በሁለት ኬብሎች ይያያዛል፤ እርሱን ለማውጣት ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ክዳኑን መክፈት ያስፈልጋል። በሆት ስዋፕ ሰርቨር ግን እያንዳንዱ ዲስክ በትንሽ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። መሳቢያው ከፊት ለፊት ይገባል፤ ከኋላ ካለው ሰሌዳ ጋር ያለ ኬብል በቀጥታ ይጋጠማል። እጀታውን ስቦ ማውጣትና ሌላውን መክተት ከደቂቃ አያልፍም። ፒያሳ ባሉ ሱቆች ሙሉ ሰርቨር ለመግዛት አቅም ለሌለው ጽሕፈት ቤት፣ በተራ ኮምፒውተር የሲዲ ማጫወቻ ቦታ ላይ የሚገጠም አንድ መሳቢያ ጠይቆ ማስገጠም ይቻላል።

ኤሌክትሪክ እያለ ዲስክ መንቀል እንዴት አይጎዳም? መልሱ በመጋጠሚያው ጥርሶች ርዝመት ላይ ነው። ሳታ የሚባለው የዲስክ መጋጠሚያ ለኤሌክትሪክ 15፣ ለመረጃ ደግሞ 7 ጥርሶች አሉት። ጥርሶቹ እኩል ርዝመት የላቸውም። ዲስኩ ሲገባ መጀመሪያ የሚነካካው የመሬት መስመር ነው፤ ቀጥሎ ኃይልን በጥቂት በጥቂቱ የሚያሳልፉት ጥርሶች፣ በመጨረሻም የቀሩት ይጋጠማሉ። ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ የመሬት መስመር መጨረሻ ላይ ይለቃል። በዚህም ምክንያት ድንገተኛ ብልጭታ ዲስኩንም ሰርቨሩንም አይመታም። በትልልቅ ሰርቨሮች ላይ የሚገኘው ሳስ የተባለው መጋጠሚያም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። ሆኖም ተራ ኮምፒውተር ከሆነ በመነሻ ቅንብሩ ውስጥ የዲስክ አሠራሩ ኤኤችሲአይ በሚባለው ላይ መሆኑንና ለዚያ መስመር ሆት ፕላግ የሚለው መፈቀዱን ባለሙያ ሊያረጋግጥ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ኮምፒውተሩ አዲስ የገባውን ዲስክ ተነሥቶ እስኪበራ ድረስ አያየውም።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ተፈታ ማለት ግን ዲስኩን በፈለጉት ሰዓት መጎተት ይቻላል ማለት አይደለም። ሰርቨሩ ወደ ዲስክ የሚጽፈውን ሁሉ ወዲያው አይጽፍም፤ ከፊሉን ለጥቂት ጊዜ በማስታወሻው ውስጥ ያቆየዋል። ዲስኩ በዚህ መካከል ቢነቀል ያ ያልተጻፈው ይቀራል፤ የፋይል ማውጫው ራሱ ሊበላሽም ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሰርቨሩን ማሰናበት ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ከሆነ መሣሪያን በሰላም ለማስወገድ የተዘጋጀውን ትእዛዝ መስጠት ወይም ዲስኩን «ኦፍላይን» ማድረግ፤ በሊኑክስ ከሆነ ዲስኩን ማራገፍና ሥርዓቱ እንዲለቀው ማዘዝ። ከዚያ በኋላ እጀታውን ጥቂት ብቻ ስቦ መጋጠሚያውን ማላቀቅና ግማሽ ደቂቃ ያህል መታገሥ ይገባል። በውስጡ ያለው ዝርግ ሳህን በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሲሆን የሚያነብበት ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ በናኖ ሜትሮች ብቻ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ገና እየዞረ ያለ ዲስክ ጥቂት መንገጫገጭ ይበቃዋል። ከቆመ በኋላ ግን ጭንቅላቱ ወደ ማረፊያው ስለሚመለስ ብዙ ይችላል።

ትዕግሥት ከሌለው ሰው አንዱ እኔ ነበርሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንዱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለሰርክ ጸሎት እንዳልዘገይ ስቸኩል፣ የመጠባበቂያውን መሳቢያ ያወጣሁ መስሎኝ ከሬይዱ ዲስኮች አንዱን ስቤ አወጣሁት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥንዱ በሥራ ላይ ነበርና ምንም አልጠፋም፤ ነገር ግን ዲስኩ ተመልሶ እስኪስተካከል ሰርቨሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲገለብጥ አደረ። ጥንዱ በዚያ ሰዓት ታሞ ቢሆን ኖሮ በገዛ እጄ ሁሉንም አጥፍቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሬይዱ መሳቢያዎች በቁልፍ ተቆልፈዋል፤ የመጠባበቂያው መሳቢያ እጀታ ላይ ደግሞ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፏል። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ሥራውን ይሠራል።

በአንዳንድ ቦታ ከዚህ ስሕተት በተቃራኒ ሆን ተብሎ የሚደረግ አለ። ከመስታወቱ ጥንድ አንዱን በየሳምንቱ አውጥቶ «ይህ መጠባበቂያ ነው» ብሎ ማስቀመጥና በቦታው ባዶ ዲስክ መክተት ነው። ብልጠት ይመስላል፤ አልመክረውም። አዲሱ ዲስክ ሙሉ እስኪሆን ድረስ ሰርቨሩ ያለ ጥንድ ይሠራል፤ የቀረው ብቸኛ ዲስክም በዚያው ሰዓት ከዳር እስከ ዳር ስለሚነበብ የተደበቀ ሕመም ካለው የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው። መጠባበቂያው ከሬይዱ ውጪ በሆነ በራሱ መሳቢያ ይሁን።

ስለ መጋጠሚያው ዕድሜም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በሳታ ደረጃ መሠረት በኬብል የሚያያዘው የውስጥ መጋጠሚያ 50 ጊዜ፣ ለመሳቢያ የተሠራው የኋላ ሰሌዳ መጋጠሚያ ደግሞ 500 ጊዜ ተነቅሎ እንዲሰካ ታስቦ የተሠራ ነው። በየሳምንቱ ዲስክ የሚለውጥ ጽሕፈት ቤት በዓመት 52 ጊዜ ይነቅላል። ኬብሉን በእጁ እየነቀለ የሚሰካ ሰው የመጋጠሚያውን ዕድሜ በዓመት ውስጥ ይጨርሰዋል፤ በመሳቢያ የሚጠቀም ግን ዘጠኝ ዓመት ተኩል ያህል ያገኛል። «ክዳኑን ከፍተን በኬብል ብንሰካውስ?» ለሚሉ ወንድሞች መልሴ ይህ ነው።

ዲስኮቹ ስንት ይሁኑ? ከሦስት ባያንሱ መልካም ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለን ሰይመናቸዋል። አንዱ በሰርቨሩ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ በየሌሊቱ ይገለበጥበታል፤ ሁለተኛው በጽሕፈት ቤቱ ካዝና ይቀመጣል፤ ሦስተኛው ከግቢው ውጪ ሌላ ቦታ ያድራል። ዓርብ ዓርብ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሁለት ብቻ ቢሆኑ፣ አንዱን ለመለወጥ ሁለቱም በአንድ ክፍል ውስጥ የሚገናኙበት ሰዓት ይኖራል፤ እሳትም ሆነ ሌባ ያን ሰዓት አይመርጥም ብሎ መተማመን አይቻልም። ሦስት መሆናቸው ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ጊዜ የፋይል መበላሸት የሚታወቀው በዕለቱ አይደለም። ሰኞ የተሰረዘ የተረጂዎች ሠንጠረዥ መሰረዙ የሚታወቀው የሚቀጥለው ክፍያ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ ትላንት የተገለበጠው ቅጂ ስሕተቱን ራሱን ይዞ ይገኛል፤ ያለፈው ሳምንትና ከዚያ በፊት ያለው ዲስክ ግን ያዳነው ይኖራል። ከሦስቱ ሌላ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ አንድ ዲስክ ሞልቶ ከዙሩ ወጥቶ እንዲቀመጥ እናደርጋለን፤ ኦዲተሮች የሚጠይቁት የዓመቱን መዝጊያ ነውና።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ ለሙያ ባልደረቦቹ ያስተዋወቀው፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚነገር አንድ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ የሚል ነው። ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ግን ሐሳቡ ከውጭ የመጣ አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ተከባ ሳለ በዓናቶት ያለውን መሬት በ17 ሰቅል ብር በገዛ ጊዜ፣ የውሉ ጽሑፍ የታተመና የተከፈተ ሆኖ በሁለት ተዘጋጀ፤ ባሮክም ሁለቱንም ለብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖራቸው ታዘዘ። አንዱ በየቀኑ ለሚያነብ፣ ሌላው ማንም ሳይነካው ለክፉ ቀን። ከተማዪቱ ተቃጠለች።

ከእኛው ዘመን ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973፣ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በምሁራን ዘንድ «ኢኤምኤምኤል» በሚል ምኅፃረ ቃል የሚታወቀው ይህ ሥራ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቀጥሎ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። የሥራው ጥበብ በካሜራው ብቻ አልነበረም። የፊልሙ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ሲቀመጥ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ሂል በተባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ተደረገ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ ፓትርያርኩ ራሳቸው ታስረው ተገደሉ። ፊልሙ ግን በሁለት ክፍለ ዓለም ስለነበረ ተረፈ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በስደት ኮሌጅቪል ተቀምጠው ለአሥርተ ዓመታት ካታሎጉን ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማትንም ያገኙት፣ ይህ ቅጂ ከአገር ወጥቶ ስለቆያቸው ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ፊልሞች ወደ ዲጂታል ተለውጠው በኢንተርኔት ይነበባሉ። የደብሩ መጽሐፍ በእሳት ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ እንኳ ምስሉ አለ። ማይክሮፊልም ሆነ ሃርድ ዲስክ፣ ቁም ነገሩ ሁለተኛው ቅጂ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አለማደሩ ነው።

«ታዲያ በኢንተርኔት ለምን አይላክም?» የሚል ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልኛል። አቅሙ ያለው ይላክ፤ ሁለቱን ማድረግም ይቻላል። ነገር ግን እናስላው። አንድ ጽሕፈት ቤት 500 ጊጋባይት መረጃ ቢኖረውና የመላኪያ ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢሆን፣ መስመሩ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይቋረጥ ለመላክ 11 ቀን ተኩል ይፈጃል። መብራት በሚጠፋበት፣ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ እንዳየነውም ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት በሚቋረጥበት ሁኔታ ይህ የሚታመን አይደለም። መልሶ ለማምጣትም ቢሆን የመስመሩ ነገር ያው ነው። ያንኑ ያህል መረጃ በሰርቨሩ ውስጥ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ወደሚጽፍ ዲስክ መገልበጥ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለስብሰባ የሚሄድ ሠራተኛ ዲስኩን በቦርሳው ይዞ በዚያው ቀን ያደርሰዋል። ለዕለት ለዕለቱ ጥቃቅን ለውጥ ኢንተርኔት ይሁን፤ ለሙሉው ቅጂ ግን አውቶቡሱ ይቀድማል።

ስለ ጉዞው ካነሣን፣ ዲስክ የሚጓዘው ኤሌክትሮስታቲክ በሚከላከለው ከረጢቱ ገብቶ፣ በስፖንጅ ተጠቅልሎ፣ በጠንካራ ሣጥን ውስጥ ነው። ከፒያሳ መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ ሲሄዱ ኮብልስቶኑ የሚያደርገውን የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሣጥኑ በጭን ላይ ይያዝ እንጂ ከወንበር ሥር አይጣል። የሐይቁ አየር እርጥበት ስላለው በሣጥኑ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ማኖር ተገቢ ነው። ከቀዝቃዛ ቦታ የመጣ ዲስክም ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል ሳይሰካ ይቆይ።

በደጋ ላሉ ወንድሞቻችን አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ አለኝ። ከላይ እንደተባለው የዲስኩ ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። አብዛኞቹ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው። 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ሐዋሳ ይህ አያሳስብም፤ አዲስ አበባም በደኅና ውስጥ ናት። በመንዝ ወይም በሰሜን ተራሮች አካባቢ ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚገኝ ጽሕፈት ቤት ግን ሳህን የሌለውን ኤስኤስዲ፣ ወይም ታሽጎ ሂሊየም የተሞላውን ዲስክ መምረጥ ይሻላል።

ዲስክ ከግቢ ሲወጣ የተረጂዎችም ስም አብሮ ይወጣል። የሕፃናት ፎቶግራፍ፣ የሕሙማን መዝገብ፣ የቤተሰብ ችግር የተጻፈበት ማስታወሻ በአውቶቡስ ላይ ቢረሳ የሚደርሰው ጉዳት ከዲስኩ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ግዴታ ነው። ስለዚህ ዲስኩ በሙሉ በምስጠራ ይቆለፍ። በዊንዶውስ ቢትሎከር፣ በሊኑክስ ለክስ የተባሉት መሣሪያዎች ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራሉ። የይለፍ ቃሉ ከዲስኩ ጋር በአንድ ቦርሳ አይጓዝ፤ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻም አይቅር። ሙዳየ ምጽዋት የሚከፈተው ቁልፍ ያዦች በተገኙበት እንደሆነ ሁሉ፣ የይለፍ ቃሉም በሁለት ኤንቨሎፕ ታሽጎ በሁለት ኃላፊዎች እጅ ይቀመጥ። የተመሰጠረ ዲስክ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ለሌባውም ለባለቤቱም እኩል ዝግ ነው።

ዓርብ ዓርብ ዲስክ የሚለውጠው ማነው? ይህ ከመሣሪያው ይልቅ ከባድ ሆኖ ያገኘሁት ጥያቄ ነው። ሶፍትዌሩ በየሌሊቱ ራሱ ይገለብጣል፤ መሳቢያውን ግን ሰው ነው የሚያወጣው። ሰው ደግሞ ፈቃድ ይወጣል፣ መስክ ይሄዳል፣ ይረሳል። እኛ ያደረግነው ከካዝናው አጠገብ አንድ የመስመር ደብተር መስቀል ነው። ቀን፣ የወጣው ዲስክ፣ የገባው ዲስክ፣ ያወጣው ሰው ፊርማ፣ የተረከበው ሰው ፊርማ። ፊርማ የሌለበት ዓርብ ከሩቅ ይታያል። ዋናው ሠራተኛ በሌለበት ተተኪው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ተመድቧል፤ ዓርቡ በዓል ከሆነ ሐሙስ ይደረጋል።

አንድ የቀረ አለ፤ እርሱም መልሶ ማውጣት ነው። ሶፍትዌሩ በየማለዳው «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይልካል፤ መልእክቱን ግን በቃሉ አናምነውም። በወር አንድ ጊዜ ከካዝናው የወጣ ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር ባልተያያዘ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፤ በዕጣ የተመረጡ ጥቂት ፋይሎችና አንድ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ይመለሳሉ፤ የሚመልሰውም ቅጂውን ያደረገው ሰው ሳይሆን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ያደረግን ዕለት የጽሑፍ ፋይሎቹ ሁሉ ደኅና ወጡ፤ የፒችትሪ የሒሳብ መዝገብ ግን አልከፈት አለ። ምክንያቱን ስንፈልግ፣ ቅጂው የሚጀምረው በ11 ሰዓት ስለነበረ ሒሳብ ክፍል ገና በሥራ ላይ ሆኖ፣ መዝገቡ ክፍት እንደነበረ እየተገለበጠ ኖሯል። ለአራት ወራት ያህል በሦስቱም ዲስኮች ላይ የነበረው የሒሳብ መዝገብ የማይከፈት ነበር ማለት ነው። አሁን ቅጂው የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት የሒሳብ ባለሙያዋ ሁሉም ከፒችትሪ መውጣቱን አይታ፣ ከሶፍትዌሩ ከራሱ አንድ ቅጂ አውጥታ ትሄዳለች። በሁለተኛው ወር ፈተና መዝገቡ ተከፈተ።